ሁለተኛ ፈረቃ

ደሴ ላይ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ የክፍሉን መስኮት ሲልስ
መምህር አራጋው ጠመኔ ሰበረና ጻፈ፦ «ማኅበራዊ ዐውድ»።
በእንግሊዝኛ ነው የጻፈው፤ እኔ በሆዴ በአማርኛ ሰማሁት፣
ዐውድ ስል አውድማ መጣብኝ፣
በሬ የሚዞርበት፣ ገለባ ከፍሬ የሚለይበት።

መጽሐፉ ሽፋን የለውም። አርባ ሰባት ተማሪ፣ ሦስት ቅጂ፣
የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ፤ ከስልሳ በኋላ ጠርዙ ተቆርጦ
የየመስመሩን መጨረሻ እየገመትን የምናነበው።
ታሪኩ የሩቅ ሰሜን ነው፤ የጭስ ከተማ፣ የጥጥ ፋብሪካ፣
ሰኞ ቀይ፣ ማክሰኞ ሰማያዊ የሚፈስ ወንዝ፣
ጸጉሯ ላይ ብናኝ የተኛባት ልጅ፣
ከሽመና መኪናው ፊት ቆማ የምትዘፍን፣
ድምጿ ጣሪያ የሚነካ።

ሁለት ገጽ ጻፍኩ። «የኢንዱስትሪ ዕድገት»፣ «የመደብ ልዩነት»፣
ከቤተ መጻሕፍት የቃረምኩት፣ ሰው የሌለበት።
መምህሩ ከግርጌው በእንግሊዝኛ «ማን ነገረሽ?» አለኝ፤
ቀለሙ ቀይ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ አቃጠለኝ።

ቅዳሜ በሚኒባስ ወረድኩ። ሐረጎ ላይ ጆሮዬ ተደፈነ፣
ሹራቤን አወለቅኩ፤ ብርዱ ከኋላ ቀረ።
እናቴ ጦይባ ከፈረቃ ገብታ እግሯን ውሃ ነክራለች፣
የጥጥ ውታፉን ከጆሮዋ እያወጣች
«እስቲ ያንን የፈረንጅ ነገር አንብቢልኝ» አለች።

እያነበብኩ ተረጎምኩላት፣ እየተንተባተብኩ፤
ብናኙ ላይ ስደርስ ቃል አጣሁ። እሷ አልጠፋትም፦
«እሱማ ጉም ነው፤ እኛ ጉም ነው የምንለው።
የናንተ ከጦሳ ይወርዳል፣ የኛ ከጥጡ ይነሳል፤
የናንተ ረፋድ ላይ ይገፈፋል፣
የኛ ደረት ውስጥ ያድራል።»

ቀጠልኩ። ልጅቷ ዘፈነች። እናቴ እጇን አነሳች፦
«ቆይ። ማን ሰማት?»
«እ?»
«ያ ሁሉ መኪና እየደበደበ፣ ወላሂ፣ ማን ሰማት? ራሷስ ሰማችው?
ይሄ ሰውዬ በር ላይ ቆሞ ይሆናል እንጂ አልገባም።
ከገባም መኪናው በቆመበት ቀን ነው፣ ከባለቤቱ ጋር።»

ከነእርጥብ እግሯ ተነስታ አሳየችኝ፣
ከንፈሯን ያለ ድምፅ እየከፈተች፦
ይሄ «ክር ተበጠሰ» ነው፤ ይሄ «አለቃው መጣ»፤
ይሄ ደግሞ፣ መዳፏን ሆዷ ላይ አድርጋ፣
ሽኩሪያ የፀነሰች ጊዜ
ከስድስተኛው መስመር እስከ አስራ አንደኛው የተሻገረው ወሬ።
«እኛ ፊት ነው የምናነብ» አለች፤
«ሃያ ሁለት ዓመት። ፊደሉን ግን ሁለት ክረምት ብቻ።»

ማታ መብራት ሄደ። በስልኬ ብርሃን አዲስ ወረቀት ጀመርኩ፤
«ድርሰት» ብል በሆዴ፣ ድሩ ቀድሞ ተዘረጋ፤
ማጉ ግን ከወዴት?
ዞር ስል እናቴ ተኝታለች፣
በጣቷ ብርድ ልብሱ ላይ
የተበጠሰ ክር ትቀጥላለች።

ጻፍኩ፦ ዘፈኑ የልጅቷ አይደለም፤
ሳሎን ተቀምጦ ለሚያነበው የተዘፈነ ነው፣
ጸጥ ባለ ቤት፣ ከእሳት ዳር።
ዋቢው ላይ ቸገረኝ። ስም፣ ዓመት፣ አሳታሚ ይላል ደንቡ።
እንዲህ አልኩ፦ «ጦይባ ይማም፣ ሽመና ክፍል፣
ሁለተኛ ፈረቃ፣ ኮምቦልቻ።»

ሰኞ በጉም ውስጥ ወጣሁ። ሐሙስ ወረቀቱ ተመለሰ።
ውጤቱን አልናገርም። ሰዋስዉ ብዙ ቦታ ተሰምሮበታል፤
«ይህ ማስረጃ አይባልም» የሚል አለ፣ መልሶ የሰረዘው፤
ከእናቴ ስም ጎን ደግሞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ፣
አንዲት ቃል በቀይ፦
«ገጽ?»

እስካሁን አልመለስኩለትም።
ቅዳሜ ስወርድ
አይቼ እነግረዋለሁ።